ደንብ አውጪውም ነጋዴውም አንድ ሲሆን፦ የስፖርት ፌዴሬሽኖችና የንግድ ውድድር ሕግ

የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በሱፐር ሊግ (ትልልቅ ክለቦች ከአውሮፓ እግር ኳስ መሪው ዩኤፋ ውጭ ሊያቋቁሙት ባሰቡት ሊግ) ጉዳይ ውሳኔውን ያሰማው ዲሴምበር 21 ቀን 2023 ነበር። (ሌላ ካልተባለ ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዜናው በሁለት ተቃራኒ መልክ ተሰራጨ። አንዱ «ሱፐር ሊግ ተፈቀደ፣ ዩኤፋ አበቃለት» አለ። ሌላው «ምንም የተለወጠ ነገር የለም» ብሎ አጣጣለው። ሁለቱም ልክ አልነበሩም። ውዥንብሩ ግን እስካሁን አልጠራም። ክለብ ወይም ተጫዋች ፌዴሬሽን በከሰሰ ቁጥር ያው ጥያቄ ይመለሳል፦ ፍርድ ቤት በኳስ ጉዳይ ምን አገባው?

ያገባዋል። ለምንና እስከ የት እንደሚያገባው ነው ማየት ያለብን።

መጀመሪያ ስለ ቃሉ። በአማርኛ ሩጫውም «ውድድር» ነው፣ የነጋዴዎች ፉክክርም «ውድድር» ነው። እዚህ የምናወራው ስለ ሁለተኛው ነው። የአገራችን አዋጅ «የንግድ ውድድር» ስለሚለው እኛም እንደዚያው እንበለው።

## ሕጉ የሚከለክለው

የንግድ ውድድር ሕግ ዝርዝሩ በየአገሩ ይለያያል። ዋናው ነገር ግን ሁለት ክልከላ ነው። አንደኛው፣ መፎካከር የሚገባቸው ሰዎች ተመሳጥረው ገበያውን እንዳይዘጉ ነው። ዋጋ አብሮ መወሰን፣ ገበያ መከፋፈል፣ አዲስ መጪን ተባብሮ ማስቀረት እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ሁለተኛው «የገበያ የበላይነትን አላግባብ መጠቀም» ይባላል። ትልቅ መሆን በራሱ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ ትልቅነቱን ሌላው እንዳይገባ በር መዝጊያ ማድረግ ነው።

አሁን ወደ ፌዴሬሽኖቹ እንምጣ። የዓለም እግር ኳስን የሚመራው ፊፋ ብቻ ነው። በአውሮፓ ዩኤፋ፣ በአፍሪካ ካፍ አለ። አብዛኛው ስፖርትም እንዲሁ ነው። ይህ «የፒራሚድ አሠራር» ይባላል፤ ክለቡ ከታች፣ የአገር ፌዴሬሽን መሃል፣ አህጉራዊውና ዓለም አቀፉ ከላይ። እንግዲህ የበላይነቱ ከመዋቅሩ የሚወለድ ነው። ብዙም አያከራክርም።

ነገሩ የሚከረው ሌላ ቦታ ነው። አንድ ገበያ አስቡ። ቦታ የሚያድለው፣ ፈቃድ የሚሰጠው፣ ሚዛን የሚቆጣጠረው አንድ ሰው ነው። ይኸው ሰው መሃል ገበያው ላይ ትልቁን ሱቅ ከፍቶ ይሸጣል። አዲስ ነጋዴ መጥቶ ቦታ ሲጠይቀው ምን ይመልስለታል? ሰውየው ደግ ሊሆን ይችላል። ሕጉ ግን በደግነቱ ላይ መተማመን አይፈልግም። ፌዴሬሽኖች ያሉበት ሁኔታ ይህ ነው። ዩኤፋ የጨዋታ ደንብ ያወጣል፣ ይቀጣል፣ አዲስ ውድድር ይፈቅዳል ወይም ይከለክላል። ያው ዩኤፋ ሻምፒዮንስ ሊግን አዘጋጅቶ የቴሌቪዥን መብቱን ይሸጣል።

## ሃምሳ ዓመት የፈጀ ክርክር

«ስፖርት የራሱ ዓለም ነው፣ ሕግ አይነካውም» የሚለው ክርክር አውሮፓ ውስጥ ከተሸነፈ ቆይቷል። በ1974 ሁለት ሆላንዳውያን ሞተረኞች የዓለም አቀፉን የብስክሌት ማኅበር ከሰሱ። ሥራቸው በሞተር ከፊት እየሄዱ ለብስክሌተኛው ንፋስ መከላከል ነበር። ፍርድ ቤቱ ያኔ ያስቀመጠው መስመር እስካሁን አለ፦ ስፖርት የኢኮኖሚ እንቅስቃሴ እስከሆነ ድረስ ሕጉ ይመለከተዋል። ልጆች መንደር ውስጥ የሚራገጡት ኳስ አይመለከተውም። የቴሌቪዥን መብቱ በቢሊዮን ዩሮ የሚሸጥ ውድድር ይመለከተዋል።

ከዚያ በ1995 የቦስማን ውሳኔ መጣ። ብዙ ሰው ይህን የንግድ ውድድር ሕግ ድል አድርጎ ይጠቅሰዋል። አይደለም። ፍርድ ቤቱ የወሰነው በሠራተኞች ነጻ የመንቀሳቀስ መብት ነው። የንግድ ውድድሩን ጥያቄ ሳይመልሰው አለፈ።

ጥያቄው በቀጥታ የተመለሰው በ2006 ነው። ሁለት የረጅም ርቀት ዋናተኞች ናንድሮሎን የተባለ የተከለከለ አበረታች ንጥረ ነገር ተገኝቶባቸው ታገዱ። እገዳው የንግድ ውድድር ሕግን ይጥሳል ብለው ተከራከሩ። ፍርድ ቤቱ «ይህ የስፖርት ደንብ ነው፣ አልገባበትም» አላለም። ገብቶ መረመረ። የዶፒንግ ደንቡ ዓላማ ተገቢ ነው፣ ቅጣቱም ከዓላማው አይዘልም ብሎ ዋናተኞቹን አሰናበታቸው። ፌዴሬሽኖቹ ፍርዱን አሸነፉ። ከምርመራ ነጻ ነን የሚለው ክርክር ግን ያኔ አከተመ።

ከዚያ ቀጥሎ የመጣው የግሪክ ጉዳይ በወሬ ብዙ አይነሳም፤ ለእኔ ግን ቁልፉ እሱ ነው። ሞቶኤ የሚባል ማኅበር የሞተር ብስክሌት ውድድሮች ሊያዘጋጅ ፈለገ። በሕጉ መሠረት ኤልፓ የተባለው ድርጅት መስማማት ነበረበት። ኤልፓ ራሱ የሞተር ውድድር አዘጋጅቶ ስፖንሰር ያመጣል። ሞቶኤ ፈቃድ ሳያገኝ ቀረ። በ2008 የአውሮፓ ፍርድ ቤት እንዲህ አለ፦ ራሱ ለሚነግድ አካል ተፎካካሪውን የመፍቀድና የመከልከል ሥልጣን ያለ ገደብና ያለ ቁጥጥር ከተሰጠ ሕግ ይጣሳል። በ2023 ሱፐር ሊግ ላይ የተባለው በመሠረቱ ከዚህ ይመነጫል።

## ሱፐር ሊግ፦ የተባለውና ያልተባለው

ኤፕሪል 18 ቀን 2021፣ እሁድ ማታ፣ 12 ክለቦች የራሳቸውን ሊግ ሊያቋቁሙ መሆኑን አስታወቁ። ስድስቱ ከእንግሊዝ፣ ሦስቱ ከስፔን፣ ሦስቱ ከጣሊያን ነበሩ። ከ20 ቡድኖች 15ቱ ቋሚ ይሆናሉ፣ ቢሸነፉም አይወርዱም ተባለ። ደጋፊ ተቆጣ፣ መንግሥታት ዛቱ። በሁለት ቀን ውስጥ ስድስቱም የእንግሊዝ ክለቦች ወጡ። ሐሳቡን ይዞ የተቋቋመው ኩባንያ ግን ማድሪድ በሚገኝ የንግድ ፍርድ ቤት ክስ መሥርቶ ነበር። ክሱ ያተኮረው በፊፋና በዩኤፋ ሥልጣን ላይ ነው። ሁለቱ ያለ እነሱ ፈቃድ ውድድር እንዳይካሄድ ይከለክላሉ። ፊፋና ስድስቱ አህጉራዊ ኮንፌዴሬሽኖች ገና በጃንዋሪ 2021 እንዲህ ባለ ሊግ የተጫወተ ሰው በእነሱ ውድድር እንደማይሳተፍ አስጠንቅቀው ነበር። የማድሪዱ ዳኛ የሕጉን ጥያቄ ሉክሰምበርግ ወዳለው የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ላከ።

ፍርድ ቤቱ ያለው ይህ ነው። ቅድመ ፈቃድ መጠየቅ በራሱ ሕገ ወጥ አይደለም። የውድድሮችን መርሐ ግብርና ደንብ የሚያስተባብር አካል መኖሩ ይገባል። ነገር ግን ሥልጣኑ አስቀድሞ በተጻፈ መስፈርት መታጠር አለበት። መስፈርቱ ግልጽ፣ ተጨባጭ፣ አድልዎ የሌለበትና ተመጣጣኝ ይሁን ተባለ። «ግልጽ» ማለት አመልካቹ ምን እንደሚጠየቅ ቀድሞ ያውቃል። «ተጨባጭ» ማለት በሹማምንቱ ስሜት የሚወሰን አይደለም። «አድልዎ የሌለበት» ማለት ፌዴሬሽኑ ለራሱ ውድድር የማያሟላውን ነገር ከሌላው አይጠይቅም። «ተመጣጣኝ» ማለት ቅጣቱ ከጥፋቱ አይገዝፍም። የፊፋና የዩኤፋ ደንቦች ይህን አጥር አላበጁም ነበር። ስለዚህ ሕጉን ይጥሳሉ ተባለ።

ያላለውስ? ሱፐር ሊግ ይፈቀድ አላለም። እንዲያውም ውሳኔው የግድ ይፈቀዳል ማለት እንዳልሆነ በግልጽ አስቀምጧል። ከዓመት በፊት ለፍርድ ቤቱ ገለልተኛ አስተያየት የሚያቀርበው አድቮኬት ጄኔራል ለዩኤፋ ያደላ ሐሳብ ሰጥቶ ነበር። ዳኞቹ አልተቀበሉትም። የስፖርትን ልዩ ባሕርይ የሚጠቅሰው የአውሮፓ ስምምነት አንቀጽም ለፌዴሬሽኖች ከሕግ ማምለጫ እንደማይሆን ተናግረዋል።

ዩኤፋ በበኩሉ ክፍተቱን ቀድሞ ደፍኛለሁ አለ። እውነትም በጁን 2022 አዲስ የፈቃድ ደንብ አውጥቶ ነበር። ማድሪድ ላይ ግን በሜይ 2024 የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤቱ ፊፋና ዩኤፋ የበላይነታቸውን አላግባብ ተጠቅመዋል ብሎ ፈረደ። በኦክቶበር 2025 ይግባኝ ሰሚው አጸናው።

አንድ ፈገግ የሚያሰኝ ነገር አለ። ስለ ነጻ ፉክክር የከሰሰው ወገን መጀመሪያ ይዞ የመጣው 15 ክለቦች ፈጽሞ የማይወርዱበትን ሊግ ነበር። በኋላ ቅርጹን ቀይሮ ክፍት አደርገዋለሁ ብሏል። ሕጉ ግን የከሳሹን ንጽሕና አይመዝንም። የሚመዝነው የበር ጠባቂውን ሥልጣን ነው።

## የስኬቲንጉ ጉዳይ

በዚያው ቀን ሌላ ፍርድ ተሰጥቷል። ጫጫታው አነስተኛ ስለነበረ ብዙ ሰው አላየውም። ለተራው ስፖርተኛ የሚቀርበው ግን እሱ ነው።

የዓለም አቀፉ የስኬቲንግ ኅብረት ደንብ ባልተፈቀደ ውድድር የተሳተፈ ሯጭ ዕድሜውን ሙሉ እስከመታገድ ሊቀጣ እንደሚችል ይደነግግ ነበር። አንድ የኮሪያ ኩባንያ በ2014 ዱባይ ላይ አዲስ ዓይነት የበረዶ ሩጫ ሊያዘጋጅ አሰበ። ስኬተሮቹ ፈሩ፤ ውድድሩ ሳይካሄድ ቀረ። ሁለት ሆላንዳውያን ለአውሮፓ ኅብረት አስፈጻሚ አካል፣ ለአውሮፓ ኮሚሽን፣ አቤት አሉ። አንዱ ማርክ ቶይተርት፣ የ2010 ኦሊምፒክ የ1500 ሜትር አሸናፊ ነው። ኮሚሽኑ በ2017 ደንቡ ሕገ ወጥ ነው አለ። የስኬቲንግ ኅብረቱ ይግባኝ ብሎ በ2020 በአብዛኛው ተሸነፈ፣ በ2023ም ተሸነፈ።

ፍርዱ ውስጥ ሁለት ነገር ልብ ይሏል። አንደኛ፣ ደንቡ «በዓላማው» ፀረ ውድድር ነው ተባለ። ይህ ማለት ጉዳት መድረሱን በቁጥር ማስላት አያስፈልግም። የደንቡ ይዘት ራሱ ይበቃል። የስፖርተኛ የሥራ ዘመን አጭር ነው። ዕድሜ ልክ እገዳ የሚያሰጋው ሰው አዲሱን ውድድር አይሞክረውም። ስፖርተኛ ያጣ አዘጋጅ ደግሞ ገበያው ውስጥ አይገባም። በሩ የሚዘጋው በማስፈራራቱ ብቻ ነው፤ ማንም መቀጣት አይጠበቅበትም።

ሁለተኛ፣ ስለ ግልግል ዳኝነት ነው። ብዙ የስፖርት ክርክር ስዊዘርላንድ ሎዛን ወደሚገኘው የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት ይሄዳል። ከዚያ ይግባኝ የሚባለው ለስዊስ ፌዴራል ፍርድ ቤት ነው። ስዊዘርላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል አይደለችም። ስለዚህ የኅብረቱ የንግድ ውድድር ሕግ መከበሩን የሚያጣራ የኅብረቱ ዳኛ መሃል ላይ አልነበረም። ፍርድ ቤቱ ይህን ነቀፈ። በኦገስት 2025 የቤልጅየሙ ሴራን ክለብ ባነሳው ጉዳይ ደግሞ የሎዛን ውሳኔዎች በኅብረቱ አገራት ፍርድ ቤቶች መመርመር መቻል እንዳለባቸው ወሰነ።

## የፌዴሬሽኖቹ መልስ

ፌዴሬሽኖችን ዝም ብሎ ስግብግብ ማለት ቀላል ነው። ክርክራቸው ግን ባዶ አይደለም።

ቦክስን ተመልከቱ። አራት ዋና ዋና ድርጅቶች አሉ፣ በአንድ ክብደት አራት «የዓለም ሻምፒዮን» ሊኖር ይችላል። ቼዝም ከ1993 እስከ 2006 ሁለት የሻምፒዮና ማዕረግ ነበረው። ተመልካቹ ማን ማንን እንዳሸነፈ ግራ ይገባዋል። አንድ አናት መኖሩ አንድ ደንብ፣ አንድ የዶፒንግ ቁጥጥር፣ የማይጋጭ መርሐ ግብር ያመጣል። ከትልቁ ውድድር የሚገኘው ገንዘብም ወደ ታች ይወርዳል፤ ሕፃናትን የሚያሠለጥን ክለብ፣ ድሃ ፌዴሬሽን፣ ብዙ ተመልካች የሌለው የዕድሜ ምድብ በዚያ ይደጎማል። ይህን «የትብብር ክፍፍል» ይሉታል። ትልልቆቹ ተገንጥለው ከሄዱ ማን ይደጉመዋል?

አዲስ አዘጋጅ ሁሉ ደህና ነው ማለትም አይቻልም። የቀድሞው አሜሪካዊ ሯጭ ማይክል ጆንሰን በ2025 የጀመረው የሩጫ ውድድር፣ ግራንድ ስላም ትራክ፣ ለአትሌቶች ዳጎስ ያለ ሽልማት ይዞ መጣ። እነ እጅጋየሁ ታዬ ጃማይካ ኪንግስተን ላይ ሮጠውበታል። የዓለም አትሌቲክስም በሩን አልዘጋበትም። በዚያው ዓመት ግን ገንዘብ አጠረው። ክፍያ ዘገየ፣ የመጨረሻው ውድድር ተሰረዘ፣ በዲሴምበር ድርጅቱ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ፌዴሬሽን «ከማጽደቄ በፊት የባንክ ዋስትናህን አሳየኝ» ቢል እንግዲህ ምክንያት አለው።

ተቃዋሚዎቹ ይህን ሁሉ ተቀብለው አንድ ነገር ይጠይቃሉ፦ ታዲያ ዋስትናውን መስፈርት አድርጋችሁ ለምን አትጽፉትም? ክፍፍሉስ በእርግጥ ወደ ታች እየወረደ መሆኑን ለምን በሂሳብ አታሳዩም? ፍርድ ቤቱ ያደላው ወደዚህ ነው። ማጽደቂያ ምክንያት ይቀበላል፣ ግን በማስረጃ። እኔም ሚዛኑ እዚህ ላይ ትክክል ይመስለኛል።

ሥራውን ለሁለት መክፈልም ይቻላል። የመኪና እሽቅድምድም ፌዴሬሽኑ ፊያ በ2001 ከአውሮፓ ኮሚሽን ጋር ተስማምቶ ከፎርሙላ 1 የንግድ ሥራ ወጥቶ በደንብ አውጪነት ተወሰነ። ፎርሙላ 1 አልፈረሰም።

## ዝውውሩም ተነካ

በኦክቶበር 2024 ጥያቄው ከውድድር ፈቃድ ወደ ተጫዋች ውል ተሻገረ። ፈረንሳዊው ላሳና ዲያራ በ2014 ከሎኮሞቲቭ ሞስኮ ጋር ተጣልቶ ውሉ ፈረሰ። 10.5 ሚሊዮን ዩሮ እንዲከፍል ተፈረደበት። የቤልጅየሙ ሻርለርዋ ሊወስደው ፈልጎ ነበር፤ ግን የፊፋ ደንብ ካሳውን አዲሱም ክለብ አብሮ እንዲሸከም ያደርጋል። ክለቡ ዋስትና ጠየቀ፣ አላገኘም፣ ዝውውሩ ቀረ።

ፍርድ ቤቱ እነዚህ ደንቦች የሠራተኛን እንቅስቃሴም የንግድ ውድድርንም ይጥሳሉ አለ። በክለቦች መካከል ተጫዋች ላለመቀማማት የተደረገ ስምምነት ይመስላሉ የሚል ነው ሐሳቡ። ውል ይከበር የሚለውን መርህ አልነካም። ያፈረሰ ካሳ ይክፈል፣ ነገር ግን ስሌቱ የሚታወቅ ይሁን፣ አዲሱ ክለብም ጥፋቱ ሳይጣራ አይጠየቅ ነው ያለው። ፊፋ በዲሴምበር 2024 ጊዜያዊ ማስተካከያ አወጣ።

## ካይሮ፣ አዲስ አበባ፣ ሊሎንግዌ

ይህ ሁሉ የፈረንጅ ጣጣ ነው የሚል ካለ ወደ ካፍ ይምጣ። ካፍ የአፍሪካ ዋንጫንና ሌሎች ውድድሮቹን የንግድ መብት ለፈረንሳዩ ላጋርዴር ኩባንያ ለ12 ዓመት፣ ከ2017 እስከ 2028፣ ሸጦ ነበር። ስምምነቱ ቢያንስ የአንድ ቢሊዮን ዶላር ነበር። በጃንዋሪ 2017 የግብፅ የውድድር ባለሥልጣን ሽያጩ ያለ ግልጽ ጨረታ ተደርጓል፣ ሌሎች ገዢዎችን ዘግቷል ብሎ የካፍን ፕሬዚዳንት ኢሳ ሃያቱን ወደ ዐቃቤ ሕግ መራ። ካፍ ክሱን አስተባበለ። ከሁለት ወር በኋላ ካፍ ጉባኤውን አዲስ አበባ ላይ አካሄደ። ሃያቱ ከ29 ዓመት በኋላ ወንበሩን ለማዳጋስካሩ አህመድ አህመድ አስረከቡ፤ ድምፁ 34 ለ20 ነበር። የተሸነፉበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ክሱ ብቻ አይደለም። በ2018 የካይሮ ኢኮኖሚ ፍርድ ቤት እሳቸውንና የካፍን ዋና ጸሐፊ ከባድ ገንዘብ ቀጣ። በ2019 ካፍ ራሱ የላጋርዴርን ውል አቋረጠ።

መቀመጫው ማላዊ ሊሎንግዌ የሆነው የኮሜሳ (የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ) የውድድር ኮሚሽንም የካፍን የመብት ሽያጮች መርምሯል። ጥያቄው ሁለት ነበር፦ ብቸኛ መብት ለዚህን ያህል ዓመት ለምን? ጨረታውስ የት አለ? ኢትዮጵያ የኮሜሳ አባል ናት። ስለዚህ ጉዳዩ የሩቅ አይደለም፤ የቴሌቪዥን መብት ለአንድ ገዢ ለረጅም ዓመት ሲታሰር፣ ሂሳቡ በመጨረሻ ጨዋታ ለማየት ዲኮደር የሚያስገጥመው ሰው ላይ ይመጣል።

## የእኛው አዋጅ

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 የገበያ የበላይነትን አላግባብ መጠቀምን ይከለክላል። ሥራው በመጀመሪያ የራሱ ባለሥልጣን ነበረው፤ በኋላ ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተዛውሯል። አዋጁ የተጻፈው ለንግድ እንቅስቃሴ ነው። ፌዴሬሽን ሲከሰስ የመጀመሪያ መልሱ «እኔ ለትርፍ አልተቋቋምኩም፣ ነጋዴ አይደለሁም» እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። በአውሮፓ ይህ መልስ አልሠራም። እዚያ የሚታየው የድርጅቱ ስም ሳይሆን የሚሠራው ሥራ ነው። ትኬት ከሸጠ፣ ስፖንሰር ከፈረመ፣ መብት ካከራየ በዚያ ልክ ነጋዴ ነው። የኢትዮጵያ ዳኛ በዚህ አይገደድም። ክርክሩን ግን ማየት ይችላል።

እግር ኳስ ላይ አንድ እርምጃ ተራምደናል። ፕሪሚየር ሊጉን አሁን የሚያስተዳድረው ክለቦቹ ያቋቋሙት አክሲዮን ማኅበር ነው። ደንብ አውጪው ፌዴሬሽን ከሊጉ ሽያጭ በመጠኑም ቢሆን ራቅ ብሏል።

አትሌቲክስ ላይ ነገሩ ይለያል። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ከ2001 ጀምሮ እንዳሳየው ከፌዴሬሽን ውጭ ያለ አዘጋጅ አደባባይ የሚሞላ ውድድር ሊፈጥር ይችላል። የአትሌቱ እንጀራ ግን በአብዛኛው ውጭ ነው፤ ማራቶን፣ የጎዳና ሩጫ፣ ዳይመንድ ሊግ። ብሔራዊ ቡድኑ ደግሞ ዝግጅት ይጠራል። «እዚያ እንዳትሮጥ» የሚል ትእዛዝ ሲመጣ፣ ለብሔራዊ ቡድን ከሆነና ቀኑ አጭር ከሆነ ምክንያቱ ይገባል። የሚከለከልበት ቀን፣ የሚቀጣበት መጠን፣ አቤት የሚልበት ቦታ ቀድሞ በጽሑፍ ካልተቀመጠ ግን አትሌቱ ያለው ሁለቱ ስኬተሮች በ2014 በነበሩበት ቦታ ላይ ነው።